ከአሞራ ገደል የመጣች ፊደል

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
የሰው እሮሮ ስተይብ፣ በገጽ ተቆጥሮ በብር፣
ጣቴ ሲደነዝዝ ተውኩት፤ መኪናዬን ጠቅልዬ፣
ከታቦር ግርጌ ጓሮዬ፣ «ዶሮ ይሻለኛል» ብዬ፣
ስልሳ ቄብ አስገባሁ።

በቆሎ አልነፈግኋቸው፤ ከሻሸመኔ በኩንታል፣
ከጥቂት የአኩሪ አተር ፋጉሎ ጋር ጠዋት ማታ ይፈስላቸዋል።
ይበላሉ፣ ይደልባሉ፤
ሆዳቸው ሞራ እንጂ እንቁላል አልያዘም፤
የጣሉም ቀን፣ የጣሉት ከእርግብ አይበልጥም።
ቀጥሎ ላባ መንጨት መጣ።
አንዷ የአንዷን ጀርባ ይዛ፣
ላባውን እንደ ጎመን ስትውጠው አየሁ።

እትዬ ዘነበወርቅ፣ «ዓይን ነው፤ ጨርቅ ጋርጂባቸው» አሉኝ፤
ተከራዬ፣ «አውራ ናፍቋቸው ነው» ብሎ አሳቀኝ።
ጨርቅ ጋረድኩ። አውራም ገዛሁ።
ጎህ ሲቀድ አንድ ጩኸት አተረፍኩ።

ከግብርና ጽሕፈት ቤት ታደለች ሃሜሶ መጣች፤
አንዷን ገልብጣ ዳሰሰች፣ እፍ ብላ ላባዋን ገለጠች።
«እማማ፣ ሆዳቸው ጠግቧል፤
እንቁላላቸው ነው የተራበ።
ፕሮቲን እንደ ጤፍ አንድ ዓይነት ፍሬ አይደለም፤
አሚኖ አሲዱ በተራ ይሰካካል፣ አንዱ ከጎደለ ቀጣዩ አይገባም።
እነዚህ ሜቲዮኒን አጥተዋል፤ ላይሲኑም አልሞላም።
ላባ ከዚያው ነው የሚበቅል፤
ያጡትን ነው ከጎረቤት ጀርባ የሚለቅሙት።
የተረፈውን በቆሎማ የት ይጣሉት? ሞራ አደረጉት።»

ያኔ ነው ያ ክረምት ትዝ ያለኝ፣
የመኪናዬ የመ ክንድ ተሰብሮ ሥራ ያስፈታኝ።
መ ሄደች፣ ከነቤተሰቧ፣ ከሙ እስከ ሞ።
ሪባን ሞልቷል፤ ወረቀት ሞልቷል፤ ባለጉዳይ ቆሟል ተሰልፎ።
«መሬቴ ይመለስልኝ» ያለው ገበሬ፣
«ሬቴ ይለስልኝ» ብሎ ችሎት ቀረበ በእጄ ፍሬ።
ዳኛው ሳቁ። ሰውዬው አልሳቀም።
ለን ሺህ ጊዜ ብደበድብ፣ አንዲት መ አትወጣም።

እንቁላል ሲጻፍ መ የለበትም፤
እንቁላል ሲጣል ግን ያለ መ አይሆንም።

የፋብሪካውን ዱቄት ዋጋ ስትነግረኝ፣ ጡረታዬን አሰብኩና ዝም አልኩ።
«የዓሣ ጭንቅላትስ?» አልኳት በመጨረሻ።
ሳቀች። «እሱ ጥሩ አለበት» አለች።

በነጋታው አሞራ ገደል፤ ሐይቁ ጭጋጉን አልገፈፈም፤
ዳንጊሶ ቆሮሶ ይበልታል፣ ቢላዋው አያርፍም።
ጭንቅላቱን፣ አከርካሪውን ለአባ ኮዳ ሲወረውር፣
«ለኔ» አልኩት።
«ከነሱ ጋር ይስማሙ» አለኝ፣ ቀና ሳይል እንኳ።
ራሰ በራዎቹ፣ ክንፋቸውን እንደ ካባ ደርበው፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ ዙሪያዬን ቆመው፣
አፍንጫ አፍንጫዬን አዩኝ።
ተከራከርኩ። በግማሽ ጆንያ ረታሁ።

ቀቀልኩ፣ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁ፣ ወቀጥኩ፤
የሰፈሩን አፍንጫ አስያዝኩ።
ቸኩዬም አበዛሁት። ኬክ ቤት ያለው ሽብሩ
ሦስት ትሪ መለሰልኝ፤ «ኬኬ ዓሣ ዓሣ አለ» ነው ነገሩ።
እውነቱን ነው፤ መ ብቻ ቢደረደር ምን ይነበባል?
መመመመ... የዲዳ ለቅሶ ይመስላል።
ቀነስኩ፤ ከሃያ ጣሳ አንድ ጣሳ።

በስድስተኛው ሳምንት፣ አርባ አራት ግራም የነበረው
ሃምሳ ሰባት ገባ፤ ሁለቴ መዘንኩት፣ ሚዛኑን ጠርጥሬው።
በተራቆተው ጀርባ ላይ ላባ ብቅ ብቅ አለ፣ እንደ ብዕር ጫፍ፤
ላባ እኮ ድሮ ብዕር ነበረ፣ የሰው ጉዳይ የሚጽፍ።
አንዷ ብቻ፣ ላባ መብላት የለመደባት፣
ዛሬም አልተወችም፤ ለብቻዋ ነው ያሰርኳት።

ቆርቆሮዬ ላይ አንድ አባ ኮዳ ይመላለሳል፤
ይግባኝ ሊል ነው መሰለኝ፣ ድርሻው ተወስዶበታል።

እኔ ግን ያን ገበሬ ነው የማስበው።
ማታውን በፋኖስ ቁጭ ብዬ፣ መውን ሁሉ በእስክሪብቶ ሞላሁለት፣
አሥራ ሰባት ቦታ፣ አንድ በአንድ።
ሂሳብ ተቀብዬው ይሆን?
አላስታውስም።